ደም ስር ገበር አለው

የእንቁጣጣሽ ዕለት ነው። በጉ ተገፎ ተሰቅሏል። አጎቴ እንደ ልማዱ እጅጌውን ሰብስቦ ብልት ያወጣል። ሳንባና ልብ አንድ ላይ ተጎትተው ወጡ። ከልቡ አናት ላይ ነጣ ያለ፣ ወፈር ያለ ቱቦ ተንጠልጥሏል። ብዙ ቤት ይህን ቱቦ ቆርጦ ለውሻ ይጥለዋል። አጎቴ ግን በቢላው ጫፍ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቀውና እንደ ደብተር ገለጠው።

«ይኸውልሽ ቧንቧው» አለኝ። «የሰውም እንዲሁ ነው። ይደፈናል፣ ይጠረጋል፣ ይከፈታል። ምኑ ነው የሚያከራክረን?»

ክርክሩ የተጀመረው ጠዋት ነው። ሳሎን መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ወርቃማ የሆነ የፕላስቲክ ዕቃ አየሁ። ውስጡ ቀይ ዱቄት አለ። ላዩ ላይ «ደም ስር ይከፍታል፣ ደም ስር ያጸዳል፣ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይጨምራል» ተብሎ ተጽፏል። በቴሌግራም ታዞ በሞተር ሳይክል ቤቱ ድረስ የመጣ ነው። በዋጋው የብዙ ወር የደም ግፊት ኪኒን ይገዛ ነበር። ኪኒኑማ እዚያው ጎኑ ላይ ተቀምጧል። አምሎዲፒን። ከተገዛ ሰንብቷል፤ የጎደለው ግን ሁለት ፍሬ ብቻ ነው።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። «ደም ስር የሚጠርግ ነገር አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ ደንበኛ በሳምንት አንድ ሁለቴ አይጠፋም። ጥያቄው የሞኝ ጥያቄ አይደለም። አጎቴም ሞኝ አይደለም። ሁላችንንም ያሳሳተን አንድ ቃል ነው፤ «ቧንቧ» የሚለው። ቧንቧ በድን ነው። ዝገት ይይዘዋል፣ ሽቦ ይገባበታል፣ ይጠረጋል። ደም ስር ግን በድን አይደለም።

አጎቴ በተገለጠው ቱቦ ውስጥ ጣቱን ወዲያና ወዲህ አሸው። «እንዴት እንደሚያሟልጭ!» አለ። ሳቄ መጣ። በዚያች ቅጽበት ጣቱ ጠርጎ ያነሳው ነገር ራሱ የክርክራችን መልስ ነበር። በዓለም የታወቁ ተመራማሪዎችም ልክ እንደሱ ሳያውቁት ሲጠርጉት ኖረዋል።

ኮት አገላብጦ ያየ ሰው ገበር ምን እንደሆነ ያውቃል። ውጪው ወፍራም ጨርቅ፣ ውስጡ ለስላሳና የሚያንሸራትት። ደም ስርም እንዲህ ነው፤ በተለይ ከልብ ወደ ሰውነት ደም የሚወስደው ደም ቅዳ። ከውጪ ጠንካራ መጠቅለያ አለው። መሐሉ ላይ ዙሪያውን የተጠመጠመ ጡንቻ አለ። ከውስጥ፣ ደሙ በቀጥታ የሚነካው፣ የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ሽፋን አለ። የሕክምና መጻሕፍት ኢንዶቴሊየም ይሉታል። እኔ እዚህ ገበር እለዋለሁ።

የመሐሉ ጡንቻ እንደ ክንድ ጡንቻ በፈቃዳችን አይታዘዝም። ሲኮማተር ደም ስሩ ይጠብባል። ሲላላ ይሰፋል። ትንሽ መስፋትና ትንሽ መጥበብ ደግሞ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የቱቦ የውስጥ ስፋት በእጥፍ ሲጨምር የሚያልፈው ፈሳሽ እጥፍ አይሆንም፤ 16 እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው ስፋቱ በ16 በመቶ ገደማ ቢጠብብ፣ ግፊቱ ሳይለወጥ፣ ፍሰቱ በግማሽ ይወርዳል። እና ይህን «ልኮማተር ወይስ ልላላ» የሚለውን ነገር የሚወስነው ማን ነው? ለረጅም ጊዜ የሚሰጠው መልስ ነርቭና ሆርሞን የሚል ነበር። ገበሩን ከቁጥር የሚያስገባው ጥቂት ሰው ነው። እንደ ኮት ገበር፣ ደሙ እንዲያንሸራትተው ብቻ የተሰፋ ይመስል ነበር።

ይህን ሐሳብ የገለበጠው የአንድ ረዳት ስህተት ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ሮበርት ፈርችጎት ኒውዮርክ፣ ብሩክሊን ውስጥ የፋርማኮሎጂ ፕሮፌሰር ነበሩ። የሚሠሩት በጥንቸል አዎርታ ነው። አዎርታ ማለት አጎቴ የሰነጠቀው ዓይነት ዋናው ደም ቅዳ ነው። ቱቦውን በጥምዝ እየቆረጡ እንደ ሪባን ያደርጉታል። ጨዋማ ፈሳሽ ውስጥ ይሰቅሉታል። ከዚያ ኬሚካል ጠብ እያደረጉ ሲኮማተርና ሲላላ በመሣሪያ ይለካሉ። ከ1950ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ የያዙት ዘዴ ነው።

አንድ አልገባ ያለ ነገር ነበር። አሴቲልኮሊን የሚባል ኬሚካል ሕይወት ላለው እንስሳ ሲሰጥ ደም ስር ይሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። ይህ ከድሮ ጀምሮ የታወቀ ነው። የፈርችጎት ሪባን ላይ ሲጨመር ግን ያኮማትራል። ያው ኬሚካል፣ ያው ደም ስር፣ ውጤቱ ግን የተገላቢጦሽ። እንቆቅልሹ 25 ዓመት ያህል ሳይፈታ ተቀመጠ።

በ1978 ረዳታቸው የሥራውን ቅደም ተከተል ሳተ። መጀመሪያ የተጨመረውን አኮማታሪ መድኃኒት አጥቦ ማውጣት ነበረበት። ሳያጥብ የአሴቲልኮሊንን ዘመድ የሆነ ሌላ ኬሚካል ጨመረበት። ደም ስሩ ላላ። ሌላ አለቃ ቢሆን ተቆጥቶ «እንደገና ሥራው» ይለው ነበር። ፈርችጎት ግን «ለምን ላላ?» አሉ።

ነገሩን ወደ ኋላ እየተከተሉ ሄዱ። ችግሩ ኬሚካሉ ላይ አልነበረም። አቆራረጡና አያያዙ ላይ ነው። ደም ቅዳው በቀለበት መልክ ሲቆረጥ ውስጡ ብዙም አይነካም፤ ስለዚህ ይላላል። በሪባን መልክ ሲዘጋጅ ግን የውስጥ ፊቱ ሳይታሰብ ከሌላ ነገር ጋር ይታሻል። ሲታሽ ገበሩ ተልጦ ይሄዳል። ገበሩ ከሄደ አሴቲልኮሊን ማላላቱ ይቀርና ያኮማትራል። ሆን ብለው እያሹ ሞከሩት። ያው ሆነ። ያን ሁሉ ዓመት ያጠኑት የነበረው ገበሩ የተገፈፈ ደም ስር ነበር ማለት ነው።

እኔ በጣም የምወደው ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ነው። ሳንድዊች ሠሩ። ገበሩ የተላጠ ቁራጭ ወሰዱ። ብቻውን ሲፈትኑት አይላላም። ገበሩ ያለ ሌላ ቁራጭ ፊት ለፊት ደረቡበት። አሁን ላላ። ነጣጠሏቸው። እንደገና እምቢ አለ። እንግዲህ ከአንዱ ገበር ወጥቶ ወደ ሌላው ጡንቻ የሚሻገር አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በ1980 ከጆን ዛዋድዝኪ ጋር ሆነው «ኔቸር» መጽሔት ላይ አወጡት። ነገሩ ምን እንደሆነ ስላልታወቀ «ከገበር የሚመነጭ ማላያ» የሚል ትርጉም ያለው ረጅም ስም ተሰጠው።

ማላያው እጅ ከፍንጅ የሚያዝ ዓይነት አልነበረም። በሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። ብዙ ላቦራቶሪ ፕሮቲን ይሆን፣ ስብ ይሆን እያለ ሲያሳድደው ከረመ። በ1986 ሚኒሶታ ውስጥ ሮቸስተር ላይ በተደረገ ስብሰባ ፈርችጎትና ሉዊስ ኢግናሮ፣ እያንዳንዳቸው በየፊናቸው፣ ያልተጠበቀ ነገር ተናገሩ። ጋዝ ነው አሉ። ናይትሪክ ኦክሳይድ። ከመኪና ጭስ ጋር የሚወጣው፣ አየር የሚበክለው ጋዝ። (ጥርስ ሐኪም ቤት ለማደንዘዣ ከሚሰጠው «የሳቅ ጋዝ» ጋር እንዳይምታታ፤ እሱ ሌላ ነው።) በዓመቱ ሳልቫዶር ሞንካዳ እንግሊዝ አገር ከባልደረቦቻቸው ጋር ከገበር ሴሎች የሚወጣው ይኸው ጋዝ መሆኑን በልኬት አሳዩ። በ1998 የሕክምና ኖቤል ለፈርችጎት፣ ለኢግናሮና ለፌሪድ ሙራድ ተሰጠ። ፈርችጎት 82 ዓመታቸው ነበር። የሆንዱራስ ተወላጁ ሞንካዳ ለምን ተዘለሉ የሚለው ወሬ ግን እስካሁን አልበረደም። ኖቤል ለአንድ ዘርፍ ከሦስት ሰው በላይ አይሰጥም። የኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ አራት ወንበር ያስፈልግ ነበር።

አሁን ወደ ሰውነታችን እንመለስ። ደም ሲፈስ ገበሩን እያሸው ያልፋል። ፍሰቱ ሲፈጥን ማሸቱም ይበረታል። ገበሩ ይህን ማሸት ያውቀዋል። ደረጃ ስትወጡ የእግር ጡንቻ ብዙ ደም ይጠይቃል፤ ወደዚያ የሚሄደው ደም ይፈጥናል። የዚያ ደም ቅዳ ገበር «መንገዱ ጠቧል» ብሎ ሥራ ይጀምራል። ውስጡ ያለ ኢንዛይም አርጂኒን ከሚባለው የፕሮቲን ቅንጣትና ከኦክስጅን ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሠራል። ጋዙ በር አያስፈልገውም። በሴሉ ግድግዳ ሰርጎ ጎረቤቱ ወዳለው ጡንቻ ይገባል። ጡንቻው የሚኮማተረው በካልሲየም ነው፤ ጋዙ በጡንቻው ውስጥ በሚቀሰቅሰው መልእክት ካልሲየሙ ይቀንሳል። ጡንቻው ይላላል። መንገዱ ይሰፋል። ጋዙ ሥራውን ጨርሶ ይጠፋል። ይህ ሁሉ እናንተ ሳታውቁት፣ ቀንና ሌሊት፣ ሳያቋርጥ ይካሄዳል።

ገበሩ ማላላት ብቻም አይደለም ሥራው። የደም መርጊያ ቅንጣቶች እንዳይጣበቁበት ያባርራል። ሲያስፈልግ ደግሞ ማኮማተር ይችላል። በ1988 ጃፓን፣ ጹኩባ ውስጥ ማሳሺ ያናጊሳዋና ባልደረቦቻቸው ከዚሁ ገበር የሚወጣ ኢንዶቴሊን የተባለ ኃይለኛ አኮማታሪ አገኙ። ያው ቤት ሁለቱንም ያመርታል። ጤነኛ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ማላላቱ ያደላል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚገርመው መድኃኒቱ ከእውቀቱ ቀድሞ መምጣቱ ነው። ናይትሮግሊሰሪን የዲናሚት ነፍስ ነው። አስካኒዮ ሶብሬሮ በ1847 ቱሪን ላይ ሲሠራው ትንሽ ምላሱ ላይ አድርጎ ከባድ ራስ ምታት እንደያዘው ተናግሯል። በ1879 ዊልያም መረል የተባለ የለንደን ሐኪም ለልብ ውጋት እንደሚረዳ ጻፈ። እንዴት እንደሚሠራ ግን የሚያውቅ የለም። በዲናሚት የከበረው አልፍሬድ ኖቤል በ1896፣ ከመሞቱ ጥቂት ሳምንት በፊት፣ ለልቡ ናይትሮግሊሰሪን ታዘዘለት። ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ የዕጣ ፈንታ ቀልድ መሆኑን ጠቅሶ ቀለደ። ፋርማሲስቱና ሕዝቡ እንዳይደነግጡ ትሪኒትሪን ብለው እንደሚጠሩትም ጽፏል። ከ80 ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ፌሪድ ሙራድ ይህ መድኃኒት የሚሠራው ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቀ መሆኑን አሳዩ። ሥራቸው በመጨረሻ የኖቤልን ሽልማት አስገኘላቸው።

ዛሬ ከምላስ ሥር የምትደረገው የልብ ውጋት ኪኒን ያቺው ናት። ገበሩ ሲያቅተው በእሱ ፈንታ ጋዙን ትሰጣለች። የአጎቴ አምሎዲፒን ደግሞ በሌላ በር ነው የሚገባው። ገበሩን ሳይጠይቅ ቀጥታ ጡንቻው ጋ ሄዶ የካልሲየሙን መግቢያ ይዘጋል። ኢናላፕሪል የሚወስዱ አሉ። እሱ ደም ስር የሚያኮማትር ሆርሞን እንዳይሠራ ይከለክላል። በተጨማሪ ገበሩን ለሥራ የሚቀሰቅስ ሌላ ንጥረ ነገር ቶሎ እንዳይፈርስ ያደርጋል። አንዳንዱን ሰው ደረቅ ሳል የሚያስይዘውም ከዚሁ ጋር በተያያዘ ነው። እነዚህ በርካሽ የሚሸጡ፣ ማሸጊያቸው የማያምር ኪኒኖች ናቸው። ወርቃማ ክዳን የላቸውም።

ገበሩ ሲታመምስ? እዚህ ላይ ነው የቧንቧው ሐሳብ ጨርሶ የሚፈርሰው።

በ1986 የቦስተን ሐኪሞች የፈርችጎትን ሙከራ በሰው ልብ ላይ ደገሙት። በቀጭን ቱቦ አሴቲልኮሊንን ልብን ወደሚመግቡ ደም ቅዳዎች ላኩ። ጤነኛ የሆኑት ሰፉ። ስብ መጋገር የጀመረባቸው ግን ጠበቡ። ስቡ ገና ትንሽ የሆነባቸውም ጭምር። ልክ እንደ ታሸው የጥንቸል ሪባን። እነዚህ ሰዎች ደም ስራቸውን ማንም በጣቱ አላሸም። ገበሩ ግን ሥራውን ትቷል። «ስፋ» የሚለውን ትእዛዝ «ጥበብ» ብሎ ነው የሚሰማው። እንግዲህ በሽታው መደፈን ብቻ አይደለም። ከመደፈኑ በፊት የሚመጣ ሌላ ነገር አለ፤ መስፋት ሲገባው መስፋት የማይችል ደም ስር።

ለምን ይህ ይሆናል? የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ኮሌስትሮል፣ የሲጋራ ጭስ፤ ሁሉም በየራሳቸው መንገድ ገበሩ ውስጥ ጎጂ የኦክስጅን ዓይነት ያበዛሉ። ይህ ኦክስጅን ናይትሪክ ኦክሳይድን ገና ከመውጣቱ ቀልቦ ያበላሸዋል። ብሎም ሴሉን የሚጎዳ ነገር ያደርገዋል። ሲብስ ጋዙን የሚሠራው ኢንዛይም ራሱ ይበላሻል። በጋዙ ፈንታ ያንኑ ጎጂ ኦክስጅን ማምረት ይጀምራል። ዳቦ ጋጋሪው ዳቦ ትቶ ጭስ ብቻ እንደማውጣት ነው። በ1996 የታተመ ጥናት ራሳቸው ሲጋራ የማያጨሱ፣ ግን አጫሽ አጠገብ የኖሩ ጤነኛ ወጣቶች ላይ እንኳ የደም ስር መስፋት መዳከሙን አሳይቷል። ይህን ሳነብ ትዝ ያለኝ በእንጨትና በኩበት የሚጋገርበት፣ መስኮት የሌለው ማድ ቤት ነው።

አሁን ወደ ወርቃማው ክዳን።

ዱቄቱ ውስጥ ሁለት ነገር እንዳለ ተጽፏል፤ አርጂኒንና ቀይ ስር። ነጋዴው ሳይንሱን ሰምቷል፤ ያ ያስታውቃል። «ጋዙ የሚሠራው ከአርጂኒን ከሆነ አርጂኒን መጨመር ነዋ!» ሐሳቡ ያሳምናል። ሐኪሞችንም አሳምኖ ነበር። አሜሪካ ውስጥ የልብ ደም ስራቸው ተዘግቶ ሃርት አታክ የያዛቸው 153 ሰዎች ላይ ተሞከረ። ግማሾቹ አርጂኒን፣ ግማሾቹ አስመሳይ ኪኒን ለስድስት ወር እንዲወስዱ ታሰበ። ውጤቱ በ2006 ታተመ። አርጂኒኑ ደም ስራቸውንም ሆነ ልባቸውን አልጠቀመም። አርጂኒን ከወሰዱት ስድስት ሰዎች ሞቱ። ካልወሰዱት አንድም አልሞተም። ጥናቱ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደረገ።

ሲያስቡት ይገባል። ጤነኛ ሴል ውስጥ አርጂኒን አብዛኛውን ጊዜ ከሚፈለገው በላይ ነው። ከሥጋ፣ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከለውዝ እናገኘዋለን። የጠፋው ዱቄት አይደለም፤ የታመመው ጋጋሪው ነው። ለታመመ ጋጋሪ ጆንያ ዱቄት በር ላይ ብትከምሩለት ዳቦ አይወጣም።

ቀይ ስሩ የተሻለ ጠበቃ አለው። ቀይ ስር፣ ሰላጣ፣ ቆስጣና ሌሎች ቅጠላ ቅጠሎች ናይትሬት አላቸው። አፋችን ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሬቱን ይለውጡታል፤ ቀጥሎ ሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ ይሆናል። ገበሩን ሳይጠይቅ በጎን የሚገባ መንገድ ነው። የቀይ ስር ጭማቂ ግፊትን በጥቂት ነጥብ እንደሚቀንስ ጥናቶች አሳይተዋል። የሚያስቀው ነገር አፍን በጀርም መግደያ ፈሳሽ አዘውትሮ የሚጉመጠመጥ ሰው ባክቴሪያዎቹን ስለሚገድል ይህ ጥቅም ይቀርበታል። ስለዚህ ቀይ ስር ብሉ። ከአትክልት ተራ ግዙት፤ ጾም ሲሆን ከድንችና ካሮት ጋር፤ ጣፋጭ ነው። ግን ጥቂት ነጥብ ጥቂት ነጥብ ነው። 170 የደረሰ ግፊት በሰላጣ አይወርድም።

ከዚህ ቀጥሎ የምለውን ግን ቀልድ እንዳታደርጉት። «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ፣ በተለይ ለወንድ ጉልበት የሚባሉ ዱቄቶችና ማሮች ውስጥ ተደብቆ የተቀላቀለ የቪያግራ ንጥረ ነገር እንዳለ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ቪያግራም የሚሠራው በዚሁ የናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ነው። ጋዙ ጡንቻው ውስጥ የሚያስነሳው መልእክት ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ከምላስ ሥር ኪኒን ከሚወስድ የልብ ሕመምተኛ ጋር ከተገናኘ ደም ስሩ ሁሉ በአንዴ ይላላና ግፊቱ ወለል ይነካል። ይገድላል። ቪያግራ በሱቅ ደረጃ እንደ ከረሜላ በሚሸጥበት አገር ይህን ሳይጠይቁ መስጠት ትልቅ ጥፋት ነው።

ገበሩ መልሶ ይድናል ወይ? በብዙ ሰው ላይ አዎ። ይህን የምናውቅበት መንገድም ደስ ይላል። ክንድ ላይ የግፊት መለኪያው ዓይነት ጨርቅ ይታሰርና ለአምስት ደቂቃ ደሙን ይዘጋል። ከዚያ በድንገት ይለቀቃል። ደሙ እንደ ጎርፍ ሲመጣ ገበሩን ያሸዋል። ጤነኛ ከሆነ ጋዙን ይለቅቃል፤ የክንዱ ደም ቅዳ ሲሰፋ በአልትራሳውንድ ይታያል። የታመመ ከሆነ ብዙም አይነቃነቅም። በ1992 የተጀመረ ዘዴ ነው፤ ለምርምር እንጂ ለየሰፈሩ ክሊኒክ የሚሆን አይደለም። በዚህና በመሰል ዘዴዎች ሲጋራ ያቆሙ፣ ኮሌስትሮላቸው የወረደ፣ መንቀሳቀስ የጀመሩ ሰዎች ገበር ሲያገግም ታይቷል። ጀርመን፣ ላይፕዚግ ላይ የልብ ደም ቅዳ በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአራት ሳምንት ስፖርት ብቻ የልባቸው ደም ስር ለአሴቲልኮሊን የሚሰጠው የተሳሳተ መልስ ቀንሶ ታይቷል። ይህ በ2000 የወጣ ጥናት ነው። ስቡ በአራት ሳምንት አልተጠረገም። ማንም ቧንቧ አልጠረገም። ገበሩ ግን መታሸቱን ሲለምደው ሥራውን መሥራት ጀመረ።

እርጉዝ ሴቶችን ሳላነሳ ባልፍ ደግሞ ልክ አይሆንም። በእርግዝና ግፊት ከሚመጡት ክፉው ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባለው በዋናነት የገበር በሽታ ነው። የእንግዴ ልጁ የሚለቀው አንድ ፕሮቲን እናትየው ገበሯን በጤና የምታቆይበትን ንጥረ ነገር እየያዘ ያስቀርባታል። ገበሩ ሲከዳት ግፊቷ ይወጣል፣ ኩላሊቷ ፕሮቲን ያፈሳል፣ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗ ይብለጨለጭባታል። «እርግዝና ነው፣ ያልፋል» እየተባለ የሚታለፈው እግርና ፊት ማበጥ አንዳንዴ ይኸው ነው። ነፍሰ ጡር በየቀጠሮዋ ግፊቷ የሚለካው ለወግ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉት ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት አለባቸው፤ ከእነሱም 46 በመቶ ገደማ መኖሩን አያውቁም። አጎቴ ያውቃል። ግን «አያመኝም» ነው የሚለው። እውነቱን ነው፤ ገበር የሕመም ነርቭ የለውም። ሲላጥ አይጮህም።

ከሰዓት፣ ዱለቱ ከተበላ በኋላ፣ ግፊቱን ለካሁት። 168 በ98። ለካሁት ብቻ፤ ምንም አላልኩም። እሱ ግን ቁጥሩን አይቶ ወደ ጣቱ ተመለከተ።

«ቅድም ያሸሁት እሱን ነው በይኛ» አለ።

«እሱን ነው ጋሼ።»

«እና ዱቄቱን ልጣለው? ብር ነው'ኮ!»

ቀይ ስሩ ለወጥ ማቅለሚያ ይሆን እንደሆነ አላውቅም አልኩት። አርጂኒን ገብቶበታልና ግን እንዳይሞክረው ለመንኩት። ኪኒኑን ከቡና ሰዓት ጋር አያያዝንለት፤ ጠዋት የጀበናው ሽታ ሲመጣ አንድ ፍሬ። ማታ ማታ ደግሞ እስከ ቤተክርስቲያኑ አጥር ደርሶ መመለስ። ቃል አላስገባሁትም። አጎቴ ቃል ሲያስገቡት እልህ ይገባል።

በወሩ ሄጄ እሽጉን አየሁ። ሦስት ቀን ብቻ ነው የዘለለው። ግፊቱ 142 በ86 ሆኗል፤ ገና ነው፣ ሐኪሙ ጋ ቀጠሮ አስያዝኩት። አሁን ስደውልለት ጤንነቱን ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው። «ገበሬ ደህና ነው» ይለኛል። አጠገቡ ሆና የሰማች ጎረቤቱ ከገጠር እንግዳ የመጣበት መስሏት እንጀራ ይዛ መጥታለች አሉ።